ፀሐይ ላይ የተሰጣው ባትሪ

ደሴን አይቶ የማያውቅ ሰው ይህን አንብቦ አወቅኋት እንዳይል ከወዲሁ ልናገር። ሦስት ቀን ወሎ ውዬ አድሬ ልብ ብዬ ያየሁት አንድ የቆርቆሮ ሳጥን ብቻ ነው። ሌላው ሰው ሲሄድ ሐይቅ ያያል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ለዘመድ ማር ይሸምታል። እኔ ፈርቼ ሄጄ፣ አፍሬ ተመለስኩ።

ሥራዬ ከተጋጩ የኤሌክትሪክ መኪናዎች የወጣ ባትሪ መፍታት ነው። መኪናው ከጥቅም ውጭ ቢሆንም ባትሪው ውስጥ ካሉት ሴሎች ብዙዎቹ ገና ጉልበት አላቸው። አንድ በአንድ እለካቸዋለሁ፤ ደህና ደህናውን መልሼ አስሬ መብራት ለማይደርስበት ቤት የሶላር ባትሪ አደርገዋለሁ። የማይረባውን ጨው ውሃ በርሜል ውስጥ እነክረውና የቀረች ጉልበቱ እዚያ ትሞታለች። ከዚያ አቅልጦ መልሶ የሚሠራው ሰው እስኪገኝ ድረስ ጓሮዬ ተደርድሮ ይቀመጣል። ባለቤቴ ጓሮውን «መካነ መቃብር» ነው የምትለው።

አንድ ሕግ ነበረኝ። ጎርፍ የገባበት መኪና ባትሪ ውስጥ ውስጡን ዝጎ ቆይቶ ስለሚነድ፣ መለኪያው ቴስተር ምንም ቢል፣ አይታሰርም፤ ቀጥታ በርሜል ይገባል። ይህን ሕግ ራሴ ሻርኩት። ሼህ እንድሪስ የሚባሉ የቁርአን መምህር ከደሴ በላይ፣ ጦሳ ተራራ ትከሻ ላይ፣ ደረሳ ያስተምራሉ። ደረሳ ማለት ቤቱን ትቶ ሼሁ ጋ እያደረ ቁርአን የሚቀራ ልጅ ነው። መርካቶ የሚነግድ አንድ የቀድሞ ደረሳቸው ለልጆቹ ማጥኛ መብራት ሊያበረክት ፈልጎ እኔ ጋ መጣ። ለረመዳን ካልደረሰ አልፈልገውም ብሎ ወጥሮ ያዘኝ። ደህና ሴል አልቆብኝ ነበር። እምቢ ማለት አቃተኝና ጎርፍ ከገባበት መኪና የወጡትን ለካኋቸው፤ ሁሉም ደህና ነን አሉ። ሁለት ሳጥን ሠራሁ፤ አንዱ ወደ ጦሳ ሄደ፣ አንዱን ለራሴ ሱቅ አስቀረሁ።

ረመዳን በሰላም አለፈ። ባለፈው እሑድ ግን የሱቄ ሳጥን እንደ ሊጥ ተነፋ፤ ፉጨት የመሰለ ድምፅ አወጣና ነደደ። ደጅ ሆኜ አየሁት። ግድግዳው ጠቆረ፣ ሰው አልተነካም። እኔ ግን ወዲያው የታዩኝ ጦሳ ላይ ያሉት ልጆች ናቸው። ደወልኩ፣ የሼሁ ስልክ ዝግ ነው። ሰኞን ሙሉ ደወልኩ። ነጋዴው ለዕቃ ዱባይ ሄዷል፤ አግኝቼ ሌላ ቁጥር ብለምነው የለኝም አለ። ጨምሮም የሼሁ ስልክ ቻርጅ የሚደረገው ከዚያው ከባትሪው እንደሆነ ነገረኝ። ይሄን እንደሰማሁ ሻንጣዬን አወጣሁ።

ማክሰኞ

ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላምበረት መናኸሪያ ነበርኩ። ሰው ወሎ ሲሄድ ለዘመድ ቡና ስኳር ይይዛል፤ እኔ አምስት ኪሎ ጨው፣ ወፍራም የጎማ ጓንትና ቴስተሬን ያዝኩ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሰዓዳ የምትባል ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ የምትሠራ ሴት ናት፤ ቄራ ያለች አራስ እኅቷን ጠይቃ መመለሷ ነው። ደብረ ብርሃን ሳንደርስ የባትሪውን ጉዳይ ዘክዝኬ ነገርኳት። ጭንቀት ሲይዘኝ አፌ አይዘጋም። እሷም ቆሎ እየዘገነች ሰማችኝና «አብሽር ጋሼ፣ ደግ ነገር አስቡ» አለችኝ። ደግ ነገር ለማሰብ ሞከርኩ፤ ጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ስንገባ ጨለማው መልሶ ወሰደብኝ።

ከሸዋ ሮቢት ወዲያ ያለው ሙቀት ለአዲስ አበባ ሰው ቀልድ አይደለም። ሹራቤን አወለቅሁ፣ ቀጥዬ ካልሲዬን። ባትሪ ሙቀት አይወድም እያልኩ ራሴን ሳስጨንቅ ሰዓዳ ደሴ ብርድ እንደሆነ፣ ጦሳ ደግሞ ከደሴም እንደሚብስ አስታወሰችኝ።

አንድ ኬላ ላይ ሁላችንም ወርደን ተፈተሽን። ፈታሹ ከሻንጣዬ ቀይና ጥቁር ሽቦ የተንጠለጠለበትን ቴስተር አወጣና ፊቱ ተለወጠ። ምንድን ነው አለኝ፤ የባትሪ መለኪያ ነው አልኩ። ጨውስ? እሱም ለባትሪ ነው አልኩት፤ እንዴት ያለ መልስ ነው! ባትሪ ጨው ይበላል ወይ ብሎ ወደ ዳር አስቀመጠኝ። ሹፌሩ ሰዓት እያየ ነው፤ እኔ ላብ በላብ ሆኛለሁ። የሚያስፈራኝ መታሰሩ አልነበረም። እኔ እዚህ ድንጋይ ላይ ስቀመጥ እዚያ የሚሆነው ነው። ሰዓዳ ወርዳ መጣችና፣ ይሄ ሰውዬ ከአዲስ አበባ ጀምሮ ስለ ባትሪ ብቻ ሲያወራኝ ነው የመጣው፣ ሌላ የሚያውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም አለችው። ተሳፋሪው ሳቀ። ፈታሹ የራሱን የእጅ ባትሪ አውጥቶ ለካልኝ አለ። ለክቼ፣ እያለቀ ስለሆነ ነገ ቀይረው አልኩት። እንደዚያ ተለቀቅሁ፤ አንድ ሰዓት ግን ሄዷል።

ኮምቦልቻ የደረስነው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። የፋብሪካ ተረኛ ሠራተኞች ሻሻቸውን እያሰሩ መንገዱን ሞልተው ይወጣሉ፤ እኛ ሠፈር ይህን ያህል ሰው የሚወጣው ከቅዳሴ ሲመለስ ነው። ወዲያው ወደ ደሴ ልውጣ አልኩ፤ አሁን የሚወጣ መኪና አታገኝም፣ ብታገኝም ጦሳን ሳታውቀው በጭለማ አትወጣውም አሉኝ። ሰዓዳ ፔንሲዮን ልፈልግ ስል ተቆጣች። ከወንድሟ ከጀማል ጋር ነው የምትኖረው፤ እሱም የኤሌክትሪክ መኪና ታክሲ ይሠራል። ለእኔ አልጋውን ለቆ እሱ ሳሎን ፍራሽ ዘረጋ። መኪናዋን ግቢ ውስጥ ቻርጅ ላይ እንደሰካ መብራት ሄደ። ይመጣል አለ ጀማል፤ እኔም በየአምስት ደቂቃው መስኮቱን አያለሁ።

ረቡዕ

መብራት አልመጣም። መኪናዋ ሃያ አራት ፐርሰንት ላይ ቆማለች። በሚኒባስ ልሂድ ብል፣ ሚኒባሶቹ ነዳጅ ሰልፍ ላይ ናቸው። ጀማል መኪናዋን እየጠረገ «ታወጣናለች፤ ስንወርድ ደግሞ የበላችውን ትመልሳለች» አለኝ። የኤሌክትሪክ መኪና ቁልቁለት ላይ ባትሪዋን መልሳ ትሞላለች፤ እኔ ግን ስለ መውረድ አላሰብኩም።

ከኮምቦልቻ ደሴ እንደ ቃሊቲና መርካቶ ቢርቅ ነው፤ ግን መንገዱ በሙሉ ዳገት ነው። ሐረጎ የሚባለውን ዳገት እየተጠማዘዝን ስንወጣ ዓይኔን ከቁጥሩ መንቀል አቃተኝ። ሃያ አንድ፣ አሥራ ስምንት፣ አሥራ አራት። ሬዲዮውን አስጠፋሁት፤ ለሬዲዮ ምን ያህል ይሄዳል ብሎ ሳቀብኝ። ከታች የሚታየውን ገደልና ከዚያ ወዲያ የተዘረጋውን ሜዳ ሌላ ሰው ቢጽፍላችሁ ይሻላል። እኔ ይቺ መኪና ጎርፍ ገብቶባት ታውቃለች ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ጀማል «ጋሼ፣ አሁን ይሄ ዳገት ላይ የሚጠየቅ ነው?» አለኝ። ሰባት ላይ ስንደርስ መኪናዋ ራሷ መፍጠን ተወች። ከኋላችን ያሉት ጥሩምባ እየነፉ አለፉን። ደሴ የገባነው በሦስት ፐርሰንት ነው፤ ጀማል ጓደኛው ጋራዥ ሊሰካት ቀረ፣ እኔ በእግሬ ቀጠልኩ።

ደሴ ጠዋት ጉሙ እየተነሳ ነበር፤ ፀሐይዋ ግን ጠንካራ ናት። እንጦጦን ሃያ ጊዜ ወጥቻለሁ እያልኩ የምኮራው ሰውዬ ጦሳ ላይ በየሃምሳ እርምጃው ቆምኩ። የጠየቅሁት መንገደኛ ሁሉ የሼህ እንድሪስን ቤት ያውቀዋል። ሁሉም ደግሞ መጀመሪያ ሰላምታ ሳይጨርስ አያሳይም፤ ሰውነቱ እንዴት ነው፣ ልጆች ደህና፣ ከብቱ ደህና። ከብት የለኝም ለማለት እንኳ ትንፋሽ አጣሁ።

ቤቱ ሳይታየኝ የልጆቹ የቁርአን ንባብ ተሰማኝ። አሥራ አንድ ናቸው ተብዬ ነበርና ግቢው በር ላይ ቆሜ ቆጠርኳቸው፤ አሥራ አንድ። እንባዬ መጣ። ሼሁ፣ ሰባ ያለፋቸው ቀጭን ሽማግሌ፣ መቁጠሪያቸውን እንደያዙ ተነሱና መርሀባ ብለው እጄን ያዙ። ባትሪዋን የሠራሁት ሰው እንደሆንኩ፣ ላያት እንደመጣሁ ብቻ ነገርኳቸው። ደረሳዎቹ ወደሚተኙበት ክፍል አስገቡኝ። ፍራሽና አጎዛ ግጥም ብሎ ተነጥፏል፣ በአንድ ጥግ ባዶ መደብ አለ። ሳጥኑ የለም።

የሼሁ ባለቤት ወይዘሮ ዘሀራ ተከትለውን ገብተው ነበር። ረጋ ብለው ሲነግሩኝ፣ ባትሪዋ ሰሞኑን ሌሊት ሌሊት ትሞቅ ነበር፤ ልጆቹም ብርድ ስለሆነ እሷ አጠገብ ለመተኛት ይጣሉ ነበር። ከዚያ እሑድ መብራቷ ደከመ፣ ስልክም አልሞላ አለ። ወይዘሮ ዘሀራ ብርዱ ነው ያደከማት አሉ። በልጅነታቸው የአባታቸው ሬዲዮ ድምፁ ሲሰልል የባትሪ ድንጋዩ ተፈልቅቆ ፀሐይ ላይ ይሰጣ፣ ማታ ሲመለስ ሬዲዮው ይናገር ነበር። እና ሰኞ ከልጆቹ ሁለቱን አሸክመው አወጧት። ከዚያ ወዲህ ቀን ከሌሊት ውጭ ናት፤ ሲነጋ ፀሐይዋን እየተከተሉ ያዞሯታል።

ያንን የሬዲዮ ድንጋይ እኔም አውቀዋለሁ፤ እናቴም ቆርቆሮ ላይ ትሰጣው ነበር። የት ነው ያለችው አልኩ ጓንቴን እያወጣሁ። ከቤቱ ጀርባ ነው አሉኝ።

ከአውድማው ዳር ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። የቆርቆሮው ሆድ አብጦ ክዳኑ አንድ ጎኑን ተነቅሏል። ጓንቴን አጥልቄ ብጠጋ ሙቀቷ ከአንድ ክንድ ርቀት ይሰማል። ጨው ያመጣሁት ለቀዝቃዛ ባትሪ ነው፤ ይህቺን ውሃ ውስጥ ለመንከር ጊዜው አልፏል። ልጆቹን ነፋሱ ጭስ ወደማይወስድበት አሽሹልኝ ብዬ ጮህኩ። ለሽንት ቤት ተጀምሮ የተተወ ጉድጓድ ነበረ። ሳጥኗን ቆርቆሮ ላይ አንሸራትቼ፣ ቆርቆሮውን በገመድ ጎትቼ ገፋኋት፤ ወርዳ ሳትቀመጥ ያ ፉጨት ተሰማ። ነጭ ጭስ ወጣ፣ ቀጥሎ ነበልባል። አፈር በአካፋ ስናለብሳት፣ ጋብ ስትል፣ እንደገና ስትነሳ፣ እኩለ ቀን አለፈ።

ሲበርድ ሼሁ ምን አግኝቷት ነው ብለው ጠየቁኝ። መናገር የነበረብኝ ያን ጊዜ ነው። አፌን ከፈትኩና «ሙቀት አትወድም፣ ሼህ» አልኩ።

የሁሉም ዓይን ወደ ወይዘሮ ዘሀራ ዞረ። ሴትየዋ ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። «ያረቢ! እኔው ነኝ። በገዛ እጄ ፀሐይ ላይ የጣድኳት እኔው ነኝ» አሉ። እኔ አካፋውን አራገፍኩ። ያልኩት ውሸት አልነበረም፤ ያላልኩት ነው። ልክ ነው፣ ፀሐይ አባብሷታል። ግን ያ ባትሪ ፀሐይ ባይነካውም ነዶ ነበር፤ የሱቄ ሳጥን ጥላ ሥር ነው የነደደው። ወይዘሮ ዘሀራ ከልጆቹ ክፍል ባያወጡት ኖሮ ደግሞ የት ይነድ እንደነበር አውቃለሁ።

ሼሁ ከአዲስ አበባ ድረስ ለእኛ ብሎ የመጣ ሰው ነው አሉና ልጆቹን ሰብስበው ዱአ አስደረጉልኝ። አሥራ አንድ ጥንድ እጅ ለእኔ ተዘርግቶ አሚን ሲባል መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር። ግን አልተናገርኩም። ራት ቀረበ፤ ረቡዕ መሆኑን አስታውሰው የጾም ሽሮ ነው ያሠሩልኝ። በቤቱ ካለው ሁሉ ወፍራሙ ብርድ ልብስ ለእኔ ሆነ። ልጆቹ ደህና ናቸው፣ ባትሪዋ አፈር ውስጥ ናት። ጎኔ እንዳረፈ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ሐሙስ

ጠዋት ስወጣ ወይዘሮ ዘሀራ ግቢው ውስጥ ጎረቤታቸውን አቶ ካሳን እያነጋገሩ ነው። አቶ ካሳ ክርስቲያን ናቸው፤ በግራ እጃቸው ዶሮ፣ በቀኝ እጃቸው ቢላ ይዘዋል። የሙስሊም ቤት ያረደውን እንደማልበላ ስለሚያውቁ፣ እንግዳቸው ሥጋ ሳይቀምስ እንዳይሄድ ባርኮ የሚያርድ ባራኪ አስጠርተውልኝ ነው። ድስቱንም ከአቶ ካሳ ቤት አስመጥተዋል። አዲስ አበባ አንድ ግቢ እየኖርን የጎረቤቴን ስም የማላውቅ ሰው ነኝ። የወይዘሮ ዘሀራ ዓይን ቀልቷል። ደህና አደሩ ወይ ስላቸው አልሀምዱሊላህ ብለው ዞር አሉ። አቶ ካሳ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ሴትየዋ ሌሊቱን ልጆቹ በራፍ ላይ እንዳነጉ ነገሩኝ።

ሼሁን ከጉድጓዱ አጠገብ አገኘኋቸው። የሱቄን ሳጥን፣ የጎርፉን መኪና፣ የሻርኩትን ሕግ፣ ሁሉንም ተናገርኩ። ስናገር አንዴም አላቋረጡኝም። መቁጠሪያቸው ግን ቆሟል።

«እኔ አውፍ፣ ይቅር ብያለሁ። አላህም አውፍ ይበልህ» አሉኝ። «ግን ጥፋቱን የተሸከመችው እሷ ናት። ሂድና ከላይዋ አውርድላት።»

ወይዘሮ ዘሀራ ከድስቱ አጠገብ ነበሩ። ቆሜ ነገርኳቸው። ባትሪው ከመነሻውም የታመመ እንደነበር፣ ሕጌን ሽሬ የላክሁት እኔ እንደሆንኩ፣ እሳቸው ባያወጡት ኖሮ እቤት ውስጥ ይነድ እንደነበር። ማማሰያውን አልለቀቁም። ያልሰሙኝ መስሎኝ ደገምኩላቸው።

«ሰምቻለሁ፣ ተቀመጥ። ምሳህን ብላ» አሉኝ።

ብላ ሲሉኝ በላሁ። ሁለት ጊዜ ጨመሩልኝ፤ እምቢ ለማለት ምን ፊት አለኝ። ያልነደደውን የባትሪ ቅሪት ሲቀዘቅዝ ጨው ውሃ ውስጥ እንዲዘፈዝፉት፣ ጀማል በሳምንቱ መጥቶ እንደሚወስድልኝ ለሼሁ አስረድቼ፣ ጨዌን አስረክቤ ተነሳሁ። ልጆቹ እስከ ቁልቁለቱ አፋፍ ሸኙኝ። ወይዘሮ ዘሀራም እስከ በሩ መጡ። የያዙልኝን ዳቦ በፌስታል ሰጡኝና፣ እጄን ሳይለቁ ተናገሩ።

«ሼሁ አውፍ ብለውሃል። የሳቸው የሳቸው ነው። እኔ ልጆቹን ልፈጃቸው ነበር እያልኩ በራፋቸው ላይ ነው የነጋልኝ። ባነጠሱ ቁጥር እየገባሁ ስነካካቸው አደርኩ። አንተ ከግድግዳው ወዲያ ነበርክ። አንድ ቃል ይበቃኝ ነበር። ተኝተህ አደርክ።»

ተኝቼ አድሬያለሁ። ከእሑድ ወዲህ እንደዚያ ሌሊት ጥሩ እንቅልፍ ተኝቼ አላውቅም።